የኢዩ ብርማ ፀጉር

አዳማ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ቀነዓ፣

ለእርስዎ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ፊት ለፊት ብንገናኝ አንገቴን ደፍቼ ሰላም ብዬ ጓዳ ነበር የምገባው። እንደምን ከርመዋል? ጌታ ባሉበት ይጠብቅዎት፤ ዘመድ በሌለበት አገር እሱ ዘመድ ይሁንዎት። እኔ ጉዲቱ ነኝ፣ የአክስት ልጅዎ የሚልካ ልጅ። ወደ ህንድ ሲሄዱ እኛ ቤት አድረው ነበር። እጅዎን ያስታጠብኩዎት እኔ ነኝ።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለምን እንደሚጻፍ ይታወቃል። እኔ ግን ብር ልጠይቅ አይደለም። ስለ ወንድሜ ስለ ኢዩ ነው። ሦስት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ፀጉሩ ብርማ ነው፤ ነጭም አይደል፣ ግራጫም አይደል፣ ፀሐይ ሲነካው እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ እየተቀባበሉ ይስሙታል። «ሽማግሌው መጣ! ኧረ አንድ ጊዜ መርቀን አባባ!» ይሉታል። እሱም እጁን አንሥቶ «አሜን» ይላል፤ ይሥቃሉ። እናቴም ትሥቅ ነበር።

አሁን ግን ትኩሳቱ አልለቀው አለ። ወባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ደግሞ ይግላል። ሆዱ ተነፍቷል፣ መዳፉ ነጥቷል። አባቴ ከሞጆ ጅቡቲ መኪና ስለሚነዳ ብዙ ጊዜ የለም። እናቴ ሱቅ ትውላለች። እኔ ዘንድሮ ትምህርቱን ትቼ ኢዩን እጠብቃለሁ። ብዙም አልቆጨኝም፤ ክፍል ውስጥ ስጠየቅ ድምፄ አይወጣም ነበር።

እርስዎ ስለ ሰውነት ስለሚማሩ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይድናል?

ስልክ ስለሌለኝ ይህን ጓደኛዬ ፋዲላ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። እናቴ መጻፌን አታውቅም።

አክባሪዎ ጉዲቱ ሐዲስ


ባንጋሎር፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለጉዲቱ፣

የጌታ ሰላም ለአንቺና ለቤታችሁ ሁሉ ይሁን። የአያትሽን የአካኮ ገሠሠን ጉልበት ስሚልኝ። ያስታጠብሽኝን አልረሳሁም፤ ውሃውን እግሬ ላይ ደፍተሽ ሮጠሽ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሴል የሚባለውን ሰውነታችን የተሠራበትን ትንሽ ነገር ነው የማጠናው። ግን ስለ ፀጉሩ የጻፍሽውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከኢዩ ፀጉር ትንሽ ቆርጠሽ በወረቀት ጠቅልለሽ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፤ እንዳትቀየሚኝ። እናትሽና አባትሽ በሥጋ ይዛመዳሉ? ሩቅም ቢሆን።

አጎትሽ ቀነዓ ገብረወልድ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ቀነዓ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ስሙ ይመስገን። ፀጉሩን የሚያመጡልዎት የፋዲላ አጎት አቶ ኑዕማን ናቸው፤ ልባቸውን ሊታዩ ወደዚያ ይመጣሉ። ኢዩ ተኝቶ ሳለ ነው የቆረጥኩት። እናቴ አይታኝ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ። «ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው» አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፤ ግን ወደ ሱቋ ሄደች። እኛ ቤት ብዙ ነገር በዝምታ ያልፋል።

የጠየቁኝን አባቴን ጠየቅሁት። መሪው ላይ እንደተቀመጠ ሣቀብኝ።

«አንቺ ልታገቢ ነው እንዴ ዘር የምትቆጥሪው?»

«እንዲሁ ነው» አልኩት።

«ስሚ እንግዲህ። ሐዲስ፣ ገሠሠ፣ ቱፋ፣ ደሌ፣ ጃርሶ፣ ሮቢ፣ ቦሩ። ሰባት። እናትሽን ልጠይቅ ስንሄድ ሽማግሌዎቹ የኔን በአንድ ጎን፣ የእሷን በአንድ ጎን በእናትም በአባትም ቆጠሩት። የትም አይነካካም። ቢነካካ ኖሮ አካኮ እግሬን ነበር የሚሰብረው።»

አካኮ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አልሣቀም፤ ከዘራውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ አይዛመዱም። ባለፈው የጠየቅሁዎትን ረስተውት ይሆናል። ይድናል?

ጉዲቱ


ባንጋሎር፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለጉዲቱ፣

ዝምታዬን ይቅር በይኝ። ፀጉሩ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

በማይክሮስኮፕ አየሁት። ያንቺና የኔ ፀጉር ውስጥ ጥቁሩ ቀለም እንደ ዱቄት እኩል ተነስንሷል። የኢዩ ቀለም አልጠፋም። አለ፤ ግን እዚህም እዚያም ተጓጉሎ ቀርቷል። መድረስ ያለበት ቦታ አልደረሰም።

እንደሚገባሽ አድርጌ ልንገርሽ። ሴል ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ አንዳንዱ ቀለም፣ አንዳንዱ መርዝ፣ አንዳንዱ ሌላ ነገር ይይዛል። ከረጢቱም ሴሉም የተሸፈኑት በስስ ቅባት ነው። ከረጢቱ የያዘውን ወደ ውጭ እንዲያፈስ የሱ ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር መዋሐድ አለበት። ሁለቱ ሽፋኖች ግን በራሳቸው አይዋሐዱም፤ ቢቀራረቡም ይገፋፋሉ። የሚያዋሕዷቸው ፕሮቲኖች ናቸው። መጀመሪያ አንዱ ፕሮቲን ከረጢቱን እስከ ዳር አምጥቶ ያስረዋል። ከዚያ ከከረጢቱ አንድ ፈትል፣ ከዳሩ ሦስት ፈትል ይወጣና እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። ጉንጉኑ እየጠበቀ ሲሄድ ሁለቱን ሽፋን ይጎትታቸዋል፤ እስኪነካኩ፣ እስኪዋሐዱ። ሲያልቅ ደግሞ ሹሩባውን የሚፈታ ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ለሚቀጥለው ሥራ።

ኢዩ ሹሩባው አልጎደለውም። የጎደለው የመጀመሪያው ነው፣ እስከ ዳር የሚያደርሰው። ፀጉሩ ላይ ያየነው እሱን ነው። ፀጉር ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። በሽታ የያዘውን ሴል የሚገድሉ የደም ወታደሮች አሉን፤ መርዛቸውን በከረጢት ይይዛሉ። የኢዩ ወታደሮች ከጠላት ፊት ቆመዋል፤ የያዙትን ግን መልቀቅ አይችሉም። መግደል ሲያቅታቸው ይጮኻሉ፣ ሌሎችን ይጠራሉ፣ የተጠሩትም ይጮኻሉ። ትኩሳቱ ጩኸቱ ነው።

አዲስ አበባ በሽታውን ለሚያውቅ ሐኪም ጽፌያለሁ፤ ቶሎ ውሰዱት። መድኃኒቱ ጩኸቱን ለጊዜው ዝም ያሰኛል። ሥር ያለውን የሚለውጠው የሌላ ሰው መቅኒ ብቻ ነው፤ የደሙ ዓይነት ከሱ ጋር የሚገጥም ሰው፣ መጀመሪያ እህት። በአቶ ኑዕማን እጅ ጥጥ ልኬያለሁ። አንቺም እሱም የጉንጫችሁን ውስጥ አሹበትና መልሱልኝ።

ይህ በሽታ እንዲመጣ እናትም አባትም አንድ ዓይነት ስብራት መያዝ አለባቸው። ባዳዎች ላይ መገጣጠሙ በጣም ብርቅ ነው። የአባትሽን ቆጠራ ደግሜ አነበብኩት።

ቀነዓ


አዳማ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ቀነዓ፣

እንደምን አሉ? ሰላምዎ ይብዛ። የጻፉልኝን ፋዲላ ከስልኳ እያነበበችልኝ በወረቀት ገለበጥኩት። ለእናቴም አነበብኩላት። ስለጻፍኩልዎት አልተቆጣችኝም። «እህት» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ኢዩ አዲስ አበባ ተኝቶ ነበር። መድኃኒቱን ሲጀምር ትኩሳቱ ወረደ፣ ሆዱም ጎደለ፤ «ጉዲ፣ ዳቦ» አለኝ። ፀጉሩ ግን ረገፈ። እናቴ ከትራሱ ላይ እየለቀመች በመሐረቧ ቋጠረችው። አሁን ቤት ነን። ሴቶቹ ሊጠይቁት መጥተው ራሱን አዩት። አንዷ «አሁን ገና ልጅ መሰለ» አለች። ማንም አልሣቀም።

ጥጡን ልኬያለሁ። ለአንድ ሰው የምጠቅምበት ነገር ኖሮኝ አያውቅም። እንዲገጥም ጸልያለሁ።

ቅዳሜ ፋዲላን ሹሩባ ስሠራት በአራት ፈትል ሞከርኩት። እርስዎ እንዳሉት እየጠበቀ ሲሄድ ሥሩን ይስበዋል። «ያ ረቢ! ነቀልሽኝ እኮ! ምን እያሰብሽ ነው የምትጎነጉኚው?» አለችኝ። ሾርባ ስሠራም ዘይቱን አያለሁ። ሁለት ክብ ይጠጋጋሉ፣ ይነካካሉ፣ ግን አይዋሐዱም። ቆይተው ሳይታሰብ አንድ ይሆናሉ። ሾርባው እስኪያርር ቆሜ አየሁት።

ከሰኞ ጀምሮ ኢዩ ግራ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይዞራል። ሲሄድም ይወላገዳል። ከድካም ይሆናል።

የጠየቅሁዎትን አሁንም አልመለሱልኝም። ሥራ ስለሚበዛብዎት ይሆናል።

ጉዲቱ


ባንጋሎር፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለጉዲቱ፣

ጌታ ያጽናሽ። አይገጥምም። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ከእናትና ከአባት የደረሰሽ ግማሽ እሱ ያልደረሰው ግማሽ ሆኖ ነው። የራሴንም ምርመራ አሠራሁ። የኔም አልሆነም።

ዓይኑን ለሐኪሙ ዛሬውኑ አሳዩት። ዛሬውኑ።

አሁን ልጽፍልሽ የከበደኝን ልጻፍ። እናትና አባት ከአንድ ቤት ከሆኑ የሚገጥም ሰው ከዘመድ መሐል ሊገኝ ይችላል። ዓለም ጤና ከተማ ላለው አባቴ ደወልኩለት። የወንድሜ ልጆች እንዲመረመሩ ለመንኩት። ያለኝን እንዳለ ልንገርሽ፤ «የሐዲስ ልጅ በእናቱ የእህቴ ደም ቢሆንም የቱፋ ቤት ልጅ ነው። የቱፋ ቤት መቅኒውን ከቱፋ ቤት ይፈልግ። የኔ የልጅ ልጆች አጥንት ለባዳ አይቀዳም።» ወንድሜ ከሱ ቃል አይወጣም፤ መሬቱም ሽንኩርቱም የአባቴ ነው።

አባቴ አንድ ጊዜ ታሞ ሲቃዥ የተናገረውን ግን አስታወስኩ። ልጅ ሳለ፣ በክፉ ዓመት፣ ጡት ያልጣለ ወንድሙን ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት ሰጥተውታል። ሰዎቹ የመጡት የቱፋ አገር ከሆነው ከሞጆ በኩል ነው። ጉዲፈቻ ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ ተማምለዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ስሙን አላነሣም። ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ ሲቆጠር ባሳደገው አባት እንደሚቆጠር ታውቂያለሽ። የወለደው አይጠራም።

አካኮ ገሠሠን ጠይቂልኝ። ሌላ የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር ባንቺ ላይ ባልጫንኩ።

ቀነዓ


አዳማ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ቀነዓ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የዘገየሁት መጠየቅ አቅቶኝ ነው። ውሃ ይዤ አካኮ አጠገብ እሄዳለሁ፣ ውሃውን ሰጥቼ እመለሳለሁ። ፋዲላ ተናደደችብኝ፤ «ወላሂ አንቺ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እሳት ለማለት ታፍሪያለሽ!» አለችኝ።

ፋሲካ ሳምንት ኢዩን አንቀጠቀጠው፤ አረፋ ደፈቀ። ሐኪሙ ጩኸቱ ወደ አንጎሉ ገብቷል አለን። ከዚያ ወዲህ አይራመድም፤ ስሜንም አይጠራኝም። በዚያ ቀን ነው የጠየቅሁት።

«አካኮ፣ ቱፋ ነው የወለደህ?»

በረንዳው ላይ ነበርን። ከዘራውን ወደ ጉልበቱ ሳበው። ተራራው ላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማማዎች ክንፎች ይዞራሉ፤ እነሱን ያያል።

«ማን ነው ይህን ያስጠየቀሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«የኢዩ በሽታ» አልኩት።

«አባቴ ቱፋ ነው» አለኝ። «ከብቱን ያካፈለኝ ቱፋ። ስታመም አዝሎኝ ሐኪም ቤት የሄደው ቱፋ። የሐዲስ ሽማግሌዎች ሲጠይቁኝ ውሸት አልቆጠርኩም፤ አባቴን ነው የቆጠርኩት።»

በማግስቱ ልብሱን ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ዓለም ጤና ካለበት ከዱግዳ በኩል እንደመጣሁ አውቃለሁ። ከማን እንደሆነ አልተነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መጠየቅ ያሳደገኝን መካድ ነው። በሐዲስ ሠርግ ግን የሚልካን እናት አየኋት። ጆሮዋ የኔ ጆሮ ነው። እንዲህ የታጠፈ። ልጆቹ ቀለበት እያደረጉ ነበር። ምን እላለሁ? የሚመስል ሰው ሞልቷል አልኩና ጭብጨባውን አጨበጨብኩ።»

ጆሮውን አየሁት። የኢዩም እንደዚያ ነው፤ ፀጉሩ ሸፍኖት አላየሁትም ነበር።

ይህን እስካሁን ለእናቴም ለአባቴም አልነገርኩም። የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው ማለት ነው? አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። እንዴት ይነገራል?

የአባትዎን ቃል ስነግረው አካኮ ትናንት «ዓለም ጤና መኪና በስንት ሰዓት ይነሣል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? አሁን ግን ይመልሱልኝ ጋሽ ቀነዓ። ይድናል?

ጉዲቱ


ባንጋሎር፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዲቱዬ፣

አይድንም።

ከመጀመሪያው ፀጉር ጀምሮ ፈርቼው ነበር፤ መጻፍ አቃተኝ። ፕሮፌሰሬን ደግሜ ጠየቅሁት። አንጎል ውስጥ እንዲህ ከገባ በኋላ የሚገጥም ሰው ዛሬ ቢገኝ እንኳ ሐኪሞቹ ለመሞከር አይደፍሩም፤ ቢደፍሩም የጠፋው አይመለስም። ወንድሜም ትናንት ደውሎ «አባታችን በሩን ዘግቷል» ብሎኛል።

ስለዚህ አትሂዱ። አካኮ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን መሐላ ለማይሆን ነገር አታፍርሺባቸው። ከኢዩ ጎን ሁኚ። እኔ ይህን ሁሉ ተምሬ ለአንድ የአገሬ ልጅ አልደረስኩም። ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ቀነዓ


አዳማ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ቀነዓ፣

ስለመለሱልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካ በአባቴም በኩል አጎቴ ነዎት። ፋዲላ እያነበበችልኝ መሐል ላይ ስልኩን ሰጠችኝና ራሴ ጨረስኩት። ቀልድ አልነበራትም።

ከአካኮ መደበቅ አልፈለግሁም። ኢዩን አቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ ቀስ ብዬ አነበብኩለት። «አትሂዱ» የሚለውንም አነበብኩለት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ይድናል ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም» አለኝ። «መኪናው በስንት ሰዓት ይነሣል ነው ያልኩሽ።»

«ለምን ትሄዳለህ አካኮ? በሩን ዘግተዋል እኮ።»

«ይህ ልጅ ሲቀበር ባዳ ነው ብለው የሚቀሩ ሰዎች የገዛ ሥጋው ናቸው። ቢያንስ ይወቁት። ደግሞ የቀነዓ አባት የገብረወልድ የልጅ ልጆች ለጋብቻ ደርሰዋል፤ አንቺም እየደረስሽ ነው። ሽማግሌ እኔን በቱፋ እየቆጠረ የሚያጋባችሁ ከሆነ ሌላ ኢዩ ይመጣል።»

ኢዩን ወደ ደረቱ አስጠጋውና፣ «ግን እኔ አልናገረውም» አለኝ። «ከኔ አፍ ከወጣ ቱፋን ክጃለሁ። ሞቶ የተኛ ሰው ነው፤ መልስ አይሰጠኝም። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ጆሮዬን ያዩታል። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

እኔ? አልኩ። ዘይት ልገዛ ስላክ እንኳ የምፈልገውን በጣቴ ነው የማሳየው። ሣቄ ሊመጣ ነበር፤ አካኮ ግን አልሣቀም። ኮቱን አስቦርሾኛል፤ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴ ነገ ከጅቡቲ ይገባል። እናቴ ኢዩን ታጥባለች፤ ራሱ ላይ እንደ አቧራ የቀጠነ ብርማ ነገር መብቀል ጀምሯል። ነገ ማታ ከዓለም ጤና ተመልሼ ለእናቴና ለአባቴ ስነግራቸው ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ቤታችን እንዴት እንደሚያድርም አላውቅም።

የእርስዎ አባት ሊያባርሩን ይችላሉ። ለኢዩ የሚሆን ምንም ይዘን እንደማንመለስ አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ።

ነገ ጠዋት አካኮን ይዤ ዓለም ጤና እሄዳለሁ። ከመኪና ስንወርድ ክንዱን እይዘዋለሁ። በሩን አንኳኳለሁ፤ ሲከፍቱልኝ አንገቴን አልደፋም። «በክፉ ዓመት የሰጣችሁት ልጅ ይኸውና» እላለሁ። እስከ ዳር አደርሰዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ አይደለም።

ጉዲቱ